የቆጣሪው ሣጥን ክዳን

ሰኞ፣ ሰኔ 4
ባትሪ፦ 25.6

ይህን ደብተር የገዛሁት የባትሪውን ጉልበት በቮልት በየቀኑ ልመዘግብበት ነበር። ዛሬ ግን ከቁጥሩ ሌላ የምጽፈው አለኝ፤ ተናድጃለሁ።

የመብራት መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። ማመልከቻ ካስገባሁ ከአራት ወር ከአሥር ቀን በኋላ! መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጣሪያው ላይ ያሉትን አራት ሶላሮች አየ፣ ባትሪዎቹን ቆጠረ (ሁለት ናቸው፣ ለመቁጠር የሚያስቸግሩ አይደሉም)፣ ከዚያ የባትሪውን ኃይል ለቤት መብራት እንዲሆን የሚቀይረው ኢንቨርተር ፊት ጎንበስ ብሎ «መቀያየሪያው የታለ?» አለኝ። መቀያየሪያ የሚለው ቤቱ ወይ ከውጭው መስመር ወይ ከባትሪ ብቻ እንዲያገኝ የሚያደርገውን፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚከለክለውን ማብሪያ ነው። የለኝም። ያልጠየቅኩበት ሱቅ የለም፤ ሁሉም «መንገድ ላይ ነው» ይሉኛል። እንዴት ያለ ረጅም መንገድ እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

«እንግዲያው እስኪገባ ድረስ ከቤቱ መስመር ጋር አይገናኝም» አለና ወረቀት አስፈረመኝ። «ኢንቨርተሩ ከቤቱ መስመር ጋር ያልተገናኘ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ፈረምኩ። ስፈርም ገመዱ ከጀርባዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ገመዱ የእጄ ሥራ ነው፤ ሦስት ሜትር፣ በሁለቱም ጫፉ ስፒና ያለው። አንዱን ጫፍ ኢንቨርተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ትሰካለህ፤ ቤቱ በሙሉ ይበራል። አደገኛ ነው የሚሉት ቅደም ተከተል የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ቅደም ተከተሉን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፦ አንደኛ፣ በረንዳ ወጥተህ የቆጣሪውን ሣጥን ክፈትና ዋናውን ማጥፊያ አጥፋ። ሁለተኛ፣ ገመዱን ሰካ። ሦስተኛ፣ ኢንቨርተሩን አብራ። ዋናው ከጠፋ ከእኛ ቤት ወደ ውጭው ሽቦ የሚወጣ ነገር የለም። መቀያየሪያው እኔው ነኝ።

ደግሞስ ማን ይጠብቃል? ባለቤቴ በኦክስጅን ማሽን ነው የምትተነፍሰው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይጮኻል፤ ከጮኸ በኋላ ከንፈሯ እስኪጠቁር አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። በሰዓት ለክቼዋለሁ። ይህንንም ለተቆጣጣሪው ነግሬዋለሁ። «ይገባኛል መምህር፤ ግን ደንብ ነው» አለኝ። ደንብ አይተነፍስ!

ዓርብ፣ ሰኔ 8
ባትሪ፦ 25.1

በዚህ ሳምንት መብራት አራት ጊዜ ጠፋ። አራቱንም ጊዜ በቅደም ተከተሉ ሠራሁ፤ ረጅሙ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ።

የቆጣሪው ሣጥን ክዳን ዝጓል፤ ሲከፈት ጅራቷን እንደ ተረገጠች ድመት ይጮኻል። ዘይት ልቀባው ስል ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና «ተወው» አለችኝ። «እሱ ሲጮኽ ትንፋሼ እየመጣ እንደሆነ አውቃለሁ።» ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ የሠራች ሴት ናት፤ በዓይኗ ከምታየው በጆሮዋ የምትሰማው ይበልጣል። ማን እንደ መጣ በጫማው ድምፅ ትለያለች። ስዋሽ ደግሞ ድምፄ እንደሚቀጥን ትናገራለች፤ እኔ ግን ቀጥኖ አያውቅም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ሰፈሩ ጨልሞ የእርስዎ ቤት ብቻ ሠርግ ቤት መሰለ እኮ!» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ፍሪጁ ይሠራል፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ የበረንዳው አምፖል ሳይቀር ይበራል። ከሰፈሩ ለብቻ ተገንጥላ ወደ ጓሮ በምትገባዋ ሽቦ ላይ ያለነው እኛና እሷ ብቻ ነን፤ ሲበላሽ ሁሌም መጨረሻ የሚጠገንልን እኛ ነን። አሁን ግን ተራዬ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 14

ቁጥር አላየሁም።

ጦጣው ወደቀ። ከደጃችን ምሰሶ ላይ። በሕይወት አለ፤ ወስደውታል።

ዋናውን አጥፍቻለሁ።

ገመዱን ነቅያለሁ።

ባለቤቴ ደህና ናት። ዋናውን አጥፍቻለሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 15
ባትሪ፦ 25.3

አእምሮዬ ቀጥ እንዲል በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጦጣው የመብራት መሥሪያ ቤቱ የመስመር ሠራተኛ ነው። ተማሪዬ ነበር። ጦጣ የሚለውን ቅጽል ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ኋላ ወንበር ላይ ከሚቀመጥ ይልቅ የትምህርት ቤቱ ባንዲራ መስቀያ ላይ መገኘት የሚቀናው ልጅ ነበር። በፊዚክስ አርባ ሁለት አመጣ። «አንተ ልጅ፣ ከመሬት ርቀህ እንጀራ ትበላለህ» ብዬው ነበር፤ ያው እንዳልኩት ሆነ።

ትናንት ስምንት ሰዓት ገደማ ንፋሱ ወደ እኛ የምትገባዋን ሽቦ ከምሰሶው ላይ በጠሳት። ማሽኑ ጮኸ። እኔ ጣሪያ ላይ የሶላሮቹን አቧራ እየጠረግኩ ነበር፤ በመሰላሉ ወረድኩና ማድረግ ያለብኝን አደረግኩ። ሁሉም ነገር በራ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጥገና መኪናው መጣ፤ ጓደኛው መኪናው ውስጥ ቀረ፣ ጦጣው ማዶ ካለው ማስተላለፊያ (ትራንስፎርመር) መሰላሉን ተሸክሞ ወደ እኛ ምሰሶ መጣ። ከመውጣታቸው በፊት ሶላር ወይም ጀነሬተር ያለበት ቤት ደጃፍ ቆሞ መጣራት ልማዳቸው ነው። ተጣርቶ እንደሆነ እንጃ፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ያለ ነበር።

ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። መጀመሪያ ገመዱን ነቀልኩ፤ ለጥንቃቄ። ከዚያ የቆጣሪውን ሣጥን አየሁ። ከዚያ ወደ እሱ ሮጥኩ።

ተንጋሎ ወድቋል፤ አንድ እግሩ ከሥሩ ታጥፏል። የግራ እጁ መዳፍ… ስለ እጁ አልጽፍም። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ አየኝ። «መምህር» አለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 18
ባትሪ፦ 25.7

ከኢንቨርተሩ በቀጥታ ባለ ሶኬት ማከፋፈያ ዘርግቼ የእሷን ማሽን ብቻ ሰካሁበት። ከግድግዳው ሶኬት ጋር የሚገናኝ ነገር የለም፣ ዋናውን ማጥፋት የለ፣ ሣጥን መክፈት የለ። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ልጅ ሊሠራው ይችላል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከመጀመሪያውስ እንዲህ ቢሆን ኖሮ? ፍሪጁ ግን አይሠራም ነበር፤ ቴሌቪዥኑ አይሠራም ነበር፤ የበረንዳው አምፖልም።

ገመዱን ከፍራሿ ሥር ደብቄዋለሁ። እሷ የተኛችበትን ማንም አይፈትሽም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 19

ተቆጣጣሪው መጣ። ማከፋፈያውን ተከትሎ እስከ አልጋዋ ሄደ፣ ሶኬቶቹን አየ፣ የፈረምኩትን ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ አነበበ።

«ጥሩ ነው መምህር። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ያልተገናኘ» አለ። እንደ ማዘን ብሎ ደግሞ ጨመረ፦ «ልጁ ነው የተሳሳተው። ማስተላለፊያው ላይ ያለውን ፊውዝ ሳያወጣ ወጥቷል። እሱ አውጥቻለሁ ይላል፤ ታዲያ ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ? ከሰማይ?»

«ቸኩሎ ይሆናል» አልኩ።

እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። በዚሁ አፌ።

ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ተኝታለች።

ዓርብ፣ ሰኔ 22
ባትሪ፦ 25.2

ልብስ ሰፊዋ ለውሃ አመላላሿ ስታወራ ሰማኋት፤ በአጥሩ ሥር ጎንበስ ብዬ ቲማቲም እየኮተኮትኩ ነበር። (ቲማቲሙ ኩትኮታ አያስፈልገውም።)

«ያን ቀን የገረመኝን ልንገርሽ? ሽቦው ተበጥሶ መሬት ተንጠልጥሏል፤ የእኔ ስፌት መኪና ግን በራ! ሞተሩ ዞረ እኮ! መብራት መጣ ብዬ ኮት ልጨርስ ተቀመጥኩ፤ አንድ እጅጌ ሳልጨርስ ልጁ ጮኸ፣ እሱ ሲጮኽ መኪናዬም ቆመ።»

«ሰይጣን ነዋ» አለች ውሃ አመላላሿ።

«ሰይጣን የኮት እጅጌ ይሰፋል እንዴ?»

ተሳሳቁ። እኔ ከተጎነበስኩበት ቀና ማለት አቃተኝ። በዚያች ሽቦ ላይ ያለነው እኛና እሷ ብቻ ነን። አንድ የሚያስብ ሰው ከሰማት ነገሩ አለቀ። ተቆጣጣሪው አላናገራትም። ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስለ ኤሌክትሪክ ማን ይጠይቃታል? ከእሷ ይልቅ ፈርሞ የሰጠ የፊዚክስ መምህር ይታመናል።

ዋናውን አጥፍቻለሁ ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። ሁለት ጊዜ። መቼ እንዳጠፋሁት አልጻፍኩም።

እሑድ፣ ሰኔ 24

እስከ ሆስፒታሉ በር ሄጄ ተመለስኩ። ብርቱካን ይዤ ነበር። ለበሩ ዘበኛ ሰጠሁት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 28
ባትሪ፦ 24.9። ደመና ነው።

የጦጣው ሚስት መጣች። ከዚህ በፊት አላውቃትም፤ ቀጭን፣ ፊቷ ላይ እንቅልፍ የሌለባት ልጅ ናት። ሰፈሩ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል፣ ደግሞም አላስከፍልም። ለባሏ ማመልከቻ ልታስጽፈኝ ነው የመጣችው።

«በቸልተኝነት ነው ብለው ሊያሰናብቱት ነው፣ መምህር። እጁ እንኳ ሳይድን። በቸልተኝነት ከተባለ ለሕክምናውም ምንም የለም፣ ሌላ ቦታም ማንም አይቀጥረውም። የሦስት ዓመት ሕፃን አለን።»

«እሱ ምን ይላል?» አልኳት። ድምፄ ቀጠነ። ሰማሁት።

«ፊውዙን አውጥቻለሁ ይላል። ከመውጣቴ በፊት ተጣርቻለሁ፣ ጠፍቷል ብለውኛል ይላል። ማን ነው ጠፍቷል ያለህ ሲሉት ግን ዝም። ‹አላስታውስም› ብቻ። ለእኔም አይነግረኝም። ስለ ምን እንደሚደብቅ እንጃ። እንዲያው እርስዎ ያስተማሩት ልጅ ነው፣ ይመክሩት ይሆን?»

ወረቀት አወጣሁ። ጻፍኩላት። «…አመልካች ተገቢውን ጥንቃቄ ሁሉ ያደረገ ሲሆን፣ መስመሩ መጥፋቱ ከተገለጸለት በኋላ…» ተገለጸለት። ማን ገለጸለት? ሰዋስውን የፈጠረ ሰው እንደ እኔ ላለው አዝኖ መሆን አለበት። ቃላቱን እየመረጥኩ፣ ፊደሎቹን እያሳመርኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። ልጅቷ አንብባ አለቀሰች። እጄን ሳመችኝ። እጄን!

ባለቤቴ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ውሃ ስጠኝ ብቻ አለች።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3
ባትሪ፦ 24.8

ጉዳዩ የሚታየው ከዛሬ ሳምንት ነው። ሰኔ እንዳለ ዝናብ ነበር፣ ሐምሌም ያው ነው፤ መብራት በቀን ሁለት ጊዜ ይጠፋል።

ብናገር ምን እንደሚሆን አስባለሁ። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ የፈረምኩት ወረቀት ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ደንብ የጣሰ ቤት ኢንቨርተሩ ይታሸጋል፣ አዲስ ማመልከቻ የሚታየው ከስልሳ የሥራ ቀን በኋላ ነው። ስልሳ የሥራ ቀን ሦስት ወር ማለት ነው። ሦስት ወር ክረምት። በቀን ሁለት ጊዜ። አሥራ አንድ ደቂቃ።

ሒሳቡ ይህ ነው። በአንድ በኩል የልጁ ሥራ፣ በሌላ በኩል የእሷ ትንፋሽ። ሒሳብ ይዋሻል? አይዋሽም። ታዲያ ለምንድን ነው ምግብ የማይወርድልኝ?

ዓርብ፣ ሐምሌ 6

ዛሬ ሁሉንም እጽፋለሁ። ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ማሽኑ ጮኸ፤ ማከፋፈያውን ሰካሁ፤ ዝም አለ። ልወጣ ስል «ቁጭ በል» አለችኝ። ትንፋሽ መቆጠብ ስላለባት የምትናገረው በአጭር በአጭሩ ነው።

«ፍራሼ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ገመድ።»

«ሲቆረቁረኝ ሦስት ሳምንት ተኛሁበት። ትነግረኛለህ ብዬ።»

«ልነግርሽ ነበር…»

«አትቅጠንብኝ።» ዓይኗን ጨፈነች፣ ማሽኑ አራት አምስት ጊዜ እስኪተነፍስላት ጠበቀች። «ያን ቀን ክዳኑ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸው።»

ገመዱን ላወጣላት ፍራሹን ማንሣት ጀመርኩ።

«ከልጁ ጩኸት በኋላ» አለች።

ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ። ዓይኗን ጨፍና እኔን ተቆጣጣሪው ፊት ስትሰማኝ፣ «ቸኩሎ ይሆናል» ስል ስትሰማኝ፣ የልጅቷን ለቅሶ ስትሰማ ታውቅ ነበር።

«አንቺን ብዬ እኮ ነው» አልኳት። አለቀስኩ፤ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«እኔን ምክንያት አታድርገኝ። እኔ አየር ነው የጠየቅኩህ። ቴሌቪዥን አልጠየቅኩህም።»

«ኢንቨርተሩን ካሸጉትስ? መብራት ቢጠፋስ?»

«የሰው ቤት ዘግቼ የምተነፍሰው ትንፋሽ ይቅርብኝ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ የቀረውን ለኔ ተወችው።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ከጣሪያው በመሰላሉ ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ማሽኑ ይጮኻል። በጓሮ በር ገባሁ፤ በረንዳው በወዲያኛው በኩል ነው። መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ኢንቨርተሩን አበራሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቅደም ተከተል ያስተማርኩ ሰው ከሁለተኛው ጀመርኩ። ቀዩ ጽሑፍ ፊት ለፊቴ ነበር። ማሽኑ ዝም ሲል፣ ጭንቀቱም አብሮ ለቀቀኝ፤ አንደኛው የቀረ መሆኑ ትዝ አላለኝም። ይህ ስሕተት ነው። ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን በርጩማው ላይ ዘረጋሁ። ኳስ ነበር። ጦጣው ከደጅ ቆሞ «መምህር! ዋናው ጠፍቷል?» አለ። ሰምቼዋለሁ፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ አላለም ነበር። ተነሥቶ በረንዳ ወጥቶ ማየት አሥር እርምጃ ነው። ሰነፍኩ። ደግሞም እኔ ነኝ፣ መምህሩ፤ እኔ የሠራሁት ነገር ይፈተሻል እንዴ?

«ጠፍቷል!» አልኩት። ከወንበሬ።

«አመሰግናለሁ መምህር!» አለኝ። አመሰገነኝ። ሌላ ቤት ቢሆን ገብቶ ያይ ነበር፤ ወይም ሽቦውን በመፈተሻ ይነካው ነበር። ያስተማርኩት ልጅ ስለሆነ ቃሌ በቃው። በፊዚክስ አርባ ሁለት የሰጠሁት ልጅ፣ ቃሌን እንደ መፈተሻ አድርጎ ወጣ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሲጮኽ ሮጬ መጀመሪያ ገመዱን ነቀልኩ፤ ልጁ መሬት ላይ ተዘርሮ ሳለ በረንዳ ሄጄ ክዳኑን ከፈትኩ፤ ዋናው በርቶ ነበር። አጠፋሁት። ያኔ ነው ያጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እሱ የሄድኩት። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ያውቃል፣ አላስታውስም የሚያስብለው ነገር የለም፤ የሚደብቀው እኔን ነው። ወይም ባለቤቴን።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10

ገመዱን በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

ክፍሉ ትንሽ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎች፣ ከነሱ አንዱ ተቆጣጣሪው። ጦጣው ጥግ ላይ ክራንቹን ታቅፎ ተቀምጧል፤ ግራ እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። ሚስቱ አጠገቡ ናት። የጻፍኩላት ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ከነማማሩ።

«ምስክር ነዎት?» አሉኝ።

ገመዱን አውጥቼ ማመልከቻው ላይ አስቀመጥኩት። «ጠፍቷል ያልኩት እኔ ነኝ። አልጠፋም ነበር» አልኩ። ሌላውን ሁሉ እንዴት እንደተናገርኩት አላውቅም፤ ስለ ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናም ነገርኳቸው። ተቆጣጣሪው መነጽሩን አወለቀ። ሁለቱን ስፒናዎች አንዱን ከሌላው ጋር እያየ ቆየ።

«ይህን ወረቀት የፈረሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ጦጣው ተቆጣ። በሌሎቹ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ። «መምህር፣ ምን ነካዎት? እኔ እኮ ለእትዬ ብዬ ነው ዝም ያልኩት! አሁን እሳቸው ምን ሊሆኑ ነው?»

«የላከችኝ እሷ ናት» አልኩት።

ሚስቱ አላየችኝም። የሳመችው እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት።

ቸልተኝነት የሚለው ተሰርዞለታል። ሲድን መሬት ላይ ሥራ ይሰጡታል፤ ከእንግዲህ ምሰሶ አይወጣም። እኔን ፖሊስ ቃሌን ተቀብሎ ለቀቀኝ፤ በመጥሪያ እቀርባለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

ኢንቨርተሩን አሸጉት። ተቆጣጣሪውን ለመንኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። «ለማሽኑ ብቻ፣ በማከፋፈያ፣ የቤቱን መስመር ሳይነካ…»

«ደንብ የጣሰ ቤት በሙሉ ይታሸጋል ነው የሚለው» አለ። ሊያየኝ አልቻለም። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ጤና ጣቢያ ደወለና አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር በውሰት አስላከልን። በእሷ መጠን አራት ሰዓት ይቆያል።

ባትሪ፦ አይታወቅም። ቁጥሩ የሚታየው ማኅተሙ ሥር ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 16

መብራት ጠፋ፤ አርባ ደቂቃ። ሲሊንደሩን ከፈትኩ። መጣ። ዘጋሁ። ሞልተው አመጡልኝ። ደመና ባየሁ ቁጥር የሲሊንደሩን መለኪያ መርፌ አያለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ጋሼ ማለት ግን ትታለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 19

5፡10። ንፋስ። መብራት ጠፋ። ያችው ሽቦ፤ ከምሰሶው ወርዳ ተንጠልጥላለች። ሲሊንደሩን ከፈትኩ። ሙሉ ነው።

5፡25። ደወልኩ። ተራ አለ አሉኝ።

6፡30። ድጋሚ ደወልኩ። ጤና ጣቢያም ደወልኩ፤ ሲሊንደር የለም፣ ማታ ይመጣል አሉ። መኪና ፈለግኩ፤ ልንወስዳት ብንል መንገዱን የወደቀ ዛፍ ዘግቶታል።

7፡15። መርፌው ከግማሽ በታች ነው። እሷ ፀጥ ብላለች፤ እንዳታወራ ነግሬያታለሁ። ልትቀልድብኝ ሞከረች፤ «ኳስ የለም ዛሬ?» አለችኝ። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊት ይህን ያህል ጊዜ እጇን የያዝኩበትን ቀን አላስታውስም፤ ሁሌ አንድ የምጠግነው ነገር ነበረኝ።

7፡50። መጡ! አንድ አዲስ ልጅ ነው የሚወጣው። ከታች ቆሞ የሚያዘው ጦጣው ነው፣ ገና ሳይድን፣ በክራንች።

«መምህር! ዋናው ጠፍቷል?»

ኢንቨርተሩ ታሽጓል፣ ከቤታችን የሚወጣ ነገር የለም፤ ያንንም ያውቃል። ቢሆንም ተነሣሁ። በረንዳ ወጣሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፤ ጮኸ። ዋናውን አወረድኩ። እዚያው ቆሜ «ጠፍቷል» አልኩ።

አላመሰገነኝም። በክራንቹ እያነከሰ አጥሩን አልፎ በረንዳ ድረስ መጣ፤ ሣጥኑ ውስጥ በዓይኑ አየ፤ በደህናው እጁ መፈተሻውን አውጥቶ ነካው። ከዚያ ወጥቶ የተንጠለጠለችውንም ሽቦ ነካ። ቀስ ብሎ። ልክ ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው። ልቤ ግን ተሰበረ።

«ውጣ» አለው ለልጁ።

8፡20። ልጁ አዲስ ነው፤ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። መርፌው ቀዩ ላይ ነው።

8፡35። መሣሪያ ከእጁ ወደቀ። ጦጣው «ተረጋጋ፣ ማንም አላሯሯጠህም» ይለዋል። እኔ በመስኮቱ አያለሁ፣ ሲሊንደሩን አያለሁ፣ ከንፈሯን አያለሁ። ወጥቼ ልጮኽባቸው ነው። ፍጠኑ ልላቸው ነው። እግራቸው ሥር እወድቃለሁ፤ ምን ቸገረኝ?

ልነሣ ስል እጄን ያዘችኝ። አሁንም ይዛኛለች፤ የምጽፈው በሌላው ነው።

«አታስቸኩላቸው» አለችኝ።